ለማሳያ ቆሞ የነበረው ቤት

ውድ አባዬ፣

ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሚያስረክብህ ናፍያድ ይባላል። የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ለእህቱ ሰርግ ወደ አዳማ ሲመጣ ያዝልኝ ብዬው ነው። በየእሁዱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስልክ ላይ አፌ የለመደውን ነው የሚያወራው። ወረቀት ላይ ግን ተሰርዞ እንደገና ይጻፋል፤ ይኸው እዚህ ለመድረስ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። አትደንግጥ፤ የታመመ የለም፣ የሞተም የለም። የልጅ ልጅህ ኢሊሊ ቁመቷ በልጦኛል። መነጽርህን አድርግና አረፍ ብለህ አንብበው።

ሳሎንህ ግድግዳ ላይ በፍሬም የሰቀልከው ፎቶ፣ ያ ነጭ በረንዳ ያለው ቤት፣ የእኔ ቤት አይደለም። ሆኖም አያውቅም።

እማዬ ሆስፒታል የተኛች ሰሞን ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝክላት አንተ ነበርክ። «መቅሊት፣ እስካሁን በኪራይ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያኔ ሪችፊልድ ውስጥ አንዲት ጠባብ አፓርታማ ተከራይቼ፣ ከኢሊሊ ጋር ባንድ አልጋ ነበር የምንተኛው። የዚህ አገር የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ መጥቼ እጇን ልይዝ አልችልም። የምሰጣት ነገር ቸገረኝ። «ኧረ ገዛሁ እማዬ፣ ቤት ገዛሁ» አልኳት። «ተመስገን፣ በቃ ተመስገን» አለች። አንተ ስልኩን ተቀብለህ «የምርሽን ነው?» ስትለኝ «የምሬን ነው» አልኩህ። በአምስተኛው ቀን አረፈች። እሷ ያንን ይዛ ከሄደች በኋላ ቃሌን እንዴት አድርጌ ልመልሰው?

አርባዋ እንዳለፈ ፎቶ ላኪልኝ አልከኝ። ሚስ አርሊን የሚባሉ አሮጊት ሴንት ፖል ውስጥ፣ ከስኔሊንግ አቨኒው ገባ ብሎ ቤት ነበራቸው፤ ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ የምንከባከባቸው እኔ ነበርኩ። መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ፣ ገላቸውን አጥባለሁ፣ ምሳቸውን አበላለሁ። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ቤታቸውን ፎቶ አነሳሁና ላክሁልህ።

በዚያው ያበቃል ብዬ ነበር። ፎርማን መሆንህን ረስቼው! በሚቀጥለው እሁድ ጀመርክ። ጣሪያው ስንት ዓመቱ ነው? አሸንዳው ውሃውን ከግድግዳው ምን ያህል አርቆ ያፈሰዋል? ምድር ቤቱ ይሸታል? አንተ እሁድ የጠየቅከኝን ሰኞ ሚስ አርሊን ቤት ገብቼ አያለሁ፤ እሁድ ሲደርስ እመልስልሃለሁ። ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ አለ ያልኩህ ጊዜ ትዝ ይልሃል? «በቁም ነው በአግድም?» አልከኝ። በአግድም ነው አልኩህ። «እንግዲያው አፈሩ እየገፋው ነው፤ ዛሬ ነገ አትበይ።» ሄጄ ለሚስ አርሊን ልጅ ነገርኩት። ባለሙያ ጠርቶ ሲያሳየው ባለሙያውም ያንተኑ ቃል ደገመው። ልጅዬው ገርሞት «አንቺ በምን አወቅሽ?» ቢለኝ «አባቴ ነግሮኝ» አልኩት። ስለዚያ ቤት ካወራሁት ሁሉ ይቺ አንዷ እውነት ነበረች። ግድግዳውም ተጠገነ። ምክርህ መሬት አልወደቀም አባዬ፤ የሰው ቤት ላይ ዋለ እንጂ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ሚስ አርሊን ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገቡ። የመጨረሻውን ካርቶን አሽጌ ስወጣ ግቢው ሣር ላይ «ለሽያጭ» የሚል ሰሌዳ ተተክሏል። ቆሜ አየሁት። የሌለኝ ቤት ሊሸጥብኝ ነው አልኩ ለራሴ። ከዚያ በራሴ ሳቅኩ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። በዚያው ሳምንት እሁድ «ቤቱ እንዴት ነው?» አልከኝ፤ «ደህና ነው አባዬ» አልኩህ። ስልኩን ስዘጋው ኢሊሊ ከሶፋው ቀና ብላ አየችኝ።

«ማም፣ ዊች ሀውስ?» አለችኝ። የትኛው ቤት?

ልጄ ፊት እንደዚያ አፍሬ አላውቅም።

ቤት ፍለጋ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ አገር ባለበት የተገነባ ቤት ለእኔ ቢጤ የሚቀመስ አይደለም፤ አንዱን ወደድነው ስንል ሌላው ጨምሮ ይወስደዋል። ፋብሪካ ውስጥ ተሠርተው፣ በመኪና ተጎትተው መጥተው የሚተከሉ ቤቶች ግን አሉ። ይህንን ለጓደኛዬ ለቲጂ ሳማክራት «ተይ እንጂ መቅሊት! ትሬይለር ልትገቢ ነው? ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። ሰው ምን እንደሚል ስድስት ዓመት ሙሉ ሳስብ ኖሬ ያተረፍኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ቅዳሜ ጠዋት ኢሊሊን ይዤ ሄድኩ።

መሸጫው ሰፊ ሜዳ ነው፤ ቤቶቹ እንደ መኪና ተደርድረው ቆመዋል። ሻጩ ሚስተር ከርት የሚባሉ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። «አዲስ ካዘዝሽ ወራት ትጠብቂያለሽ» አሉኝ። «ይኼኛው ግን አራት ዓመት ለማሳያ ቆሟል። ሌላ ሞዴል ስለሚመጣ ቦታውን እንፈልገዋለን። ከወደድሽው እንዳለ በቅናሽ ውሰጂው።»

አባዬ፣ ለማሳያ የቆመ ቤት አይተህ ታውቃለህ? ማንም ኖሮበት አያውቅም፤ ግን አርጅቷል። ቧንቧው ውሃ ወርዶበት አያውቅም። ፍሪጁ ሶኬት ላይ ተሰክቶ አያውቅም። የቁም ሳጥኖቹ ማጠፊያ ግን ላልቷል፤ የመጣ ሁሉ ከፍቶ ይዘጋዋላ። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት የሚወስደው ምንጣፍ መሐል መሐሉ ተልጧል። ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ ብርቱካን በሳህን ቀርቧል፤ ቴሌቪዥኑም ባዶ ቀፎ ነው። በመስኮቱ በኩል ወለሉ በፀሐይ ነጥቷል፤ ሶፋውን ገፋ ሳደርገው የመጀመሪያው ቀለም ከሥሩ ወጣ። ትንሿ መኝታ ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከታች በኩል፣ የአንድ ጎብኚ ልጅ በቀለም እርሳስ በእንግሊዝኛ «የእኔ ክፍል» ብሎ ሞነጫጭሯል። ኢሊሊ በርከክ ብላ አየችውና በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ልጅ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳይት ይዘኸኝ ስትሄድ «ቤት ሲታይ ዓይን የመጨረሻ ነው» ትለኝ ነበር። መጀመሪያ እግር፣ ቀጥሎ ጆሮ፣ ቀጥሎ አፍንጫ። እኔም ጫማዬንና ካልሲዬን አወለቅሁ።

«ማውለቅ እኮ አያስፈልግም» አሉ ሚስተር ከርት በትሕትና።

«ለእኔ ያስፈልገኛል» አልኳቸው።

ግድግዳውን በጣቴ መገጣጠሚያ እያንኳኳሁ ዞርኩ። ቁም ሳጥኖቹን እየከፈትኩ አሸተትኩ። አንዱን የፕላስቲክ ብርቱካን አንስቼ ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት፤ አልተንከባለለም። ሌላ ክፍል ወስጄ አስቀመጥኩት፤ አሁንም ባለበት ረጋ። ኢሊሊ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና «ማም፣ ፕሊዝ!» አለች። መስኮቶቹን ሦስት ሦስት ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁ። ሁሉም ደህና ነው። መግቢያው በር ላይ ወፍራም የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ ተነጥፏል፤ እሱ ላይ ስቆም ተረከዜ ጠለቀ። ጥቂት ነው፣ የጣት ውፍረት አይሞላም። ጫማ ያደረገ ሰው አያውቀውም።

ምንጣፉን ገለጥኩት። ላዩ ንጹሕ ፕላስቲክ ወለል ነው፤ ጠርዙ ላይ ብቻ ጥቁር መስመር ይታያል። በእግሬ ጫንኩት፤ እንደበሰለ አቮካዶ ገባ።

የሚስተር ከርት ፊት እስከ ጆሯቸው ቀላ። «በረዶ የረገጠ ሰው ሁሉ የሚገባው በዚህ በር ነው» አሉ። «ጫማው ላይ ያለው እዚህ ይቀልጣል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ምንጣፉን ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። ከሥሩ ግን አላየሁም።»

ማየት አልፈለጉ ይሆናል። በዚህ ለመፍረድ አቅሙም አልነበረኝም፤ እኔም ምንጣፌን አንጥፌ የኖርኩ ሰው ነኝ።

በማግስቱ ባድሩን ይዤ ተመለስኩ። ባድሩ የሐረር ልጅ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ትራክ ሲነዳ ኖሮ፣ ልጆቼ ሳላያቸው አደጉ ብሎ ተማረና የቤት ኢንስፔክተር ሆነ። ቱታውን አጥልቆ፣ ባትሪ ግንባሩ ላይ አስሮ፣ በጀርባው እየተንሸራተተ ቤቱ ሥር ገባ። እኔ ከላይ፣ እሱ ከታች ሆነን በወለሉ አሳብረን እንነጋገራለን።

«መቅሊት! የት ነው ያልሽው? በተረከዝሽ ምቺ!»

መታሁ።

«አገኘሁት። አንድ ኮምፔርሳቶ ነው የበሰበሰው፣ የበሩ ስፋት ያህል ይሆናል። የተሸከመው እንጨት ደረቅ ነው። የቀረውን ሁሉ አየሁት፤ ቤቱ ጤነኛ ነው።»

«ብትሆን አንተ ትገዛው ነበር?» ብዬ ጮህኩ።

ሚስተር ከርት ወለሉን ያያሉ። ከዚያ ከሥር ድምፁ መጣ። «የበሩን ወለል ካደሱት፣ እገዛዋለሁ። ካላደሱት ግን ሂጂ።»

ሲወጣ ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር ተጠምጥሞ ነበር። ኩሽናው ቁም ሳጥን ውስጥ የተለጠፈች ወረቀት አሳየኝ፤ ቤቱ የየትኛውን አገር አየር እንዲችል እንደተሠራ የምትናገር ናት። ጣሪያው የዚህን የሰሜኑን በረዶ ሸክም እንዲችል ሆኖ ነው የተሠራው። እሷን አንድ በአንድ አስነበብኩት፤ ይህንን መጀመሪያ እንደምትጠይቀኝ ስለማውቅ።

ቅናሽ ጨምሩልኝ አላልኩም። ወለሉን አድሱልኝ፣ ግን ሳላየው እንዳትዘጉት አልኩ። ሚስተር ከርት ውሉ ላይ በእጃቸው ጻፉት። አንተ ግድግዳ በዓይንህ ሳታየው ማንም እንዲለስነው አትፈቅድም ነበር፤ ስንት ግንበኛ በዚህ ተቀይሞሃል!

የተቀጣጠርንበት ቀን ፈቃድ ወስጄ ስደርስ ወለሉ ተዘግቷል። አዲስ ፕላስቲክ ተለጥፎ ያብረቀርቃል። አናጺው፣ ጢሙ የሸበተ ሰው፣ ዕቃውን እየሰበሰበ ነው። «አለቀ» አለኝ ደስ ብሎት። «ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት።»

አባዬ፣ እኔ ሬስቶራንት ውስጥ ያላዘዝኩት ምግብ ቢመጣልኝ ዝም ብዬ የምበላ ሰው ነኝ። «ጥሩ እንደሠራህ አምናለሁ» አልኩት። «ግን አላየሁትም። ክፈተው።»

«እመቤት፣ ሙጫው ደርቋል። ከከፈትኩት ይቀደዳል።»

«ይቀደድ።»

ሚስተር ከርትን አየ። ሚስተር ከርት ውሉን ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡ፤ ለረጅም ጊዜ አነበቡት፤ ያቺ አንዲት መስመር ይህን ያህል የምታስነብብ አይደለችም። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልነገርኩህም» አሉት። «ክፈትላት።»

ቀደደው። ከሥሩ የነበረው አዲስ፣ ነጭ፣ ደረቅ እንጨት ነው። ጠርዙ ተስተካክሎ ተቆርጧል፤ ብሎኑ በእኩል ርቀት ገብቷል፤ ከሥር የሚሸከመው ሙራሌ ላይ እንኳ ማጠናከሪያ ጨምሯል። ማንም ያላዘዘውን። እጄን ሰድጄ ዳሰስኩት። ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አቃተኝ።

«ይቅርታ» አልኩት። «አባቴ ፎርማን ነው። እንዲህ ነው ያሳደገኝ።»

የተቀደደውን ፕላስቲክ ጠቀለለ። «ቤቱ የኔ ቢሆን እኔም አስከፍት ነበር» አለ። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ ሰጠኝ። «ካስከፈትሽው አይቀር ፈርሚበት። ከዛሬ በኋላ ማንም አያየውም።»

ስምህን ልጽፍ ጎንበስ አልኩና እጄ ቆመ። የአባቴን ስም በር ላይ ጽፌ ሰው ሁሉ ሲገባ ሲወጣ ሊረግጠው? አይሆንም። የራሴን ስም ወለሉ ላይ ጻፍኩ፤ እኔን ይርገጡኝ፣ ለምጄዋለሁ። ያንተን ግን፣ አናጺው ለሥራው የከፈተው የበሩ ጎን ግድግዳ ገና ስላልተዘጋ፣ ቋሚው እንጨት ላይ፣ በትከሻዬ ከፍታ ጻፍኩት። ሆርዶፋ። አናጺው የግዕዙን ፊደል ሲያይ «ምን ማለት ነው?» አለኝ። «ተቆጣጣሪው ማለት ነው» አልኩት።

ቤቱ የተጓዘው በሁለት ተከፍሎ ነው። ግማሹ በአንድ መኪና፣ ግማሹ በሌላ መኪና፣ የተከፈተው ጎናቸው በፕላስቲክ ተሸፍኖ። እኔና ኢሊሊ ከኋላ ተከትለን ቤቱ የሚተከልበት ሻኮፒ ድረስ ድራይቭ አደረግን። ሳሎኔ ሀይዌይ ላይ ከፊቴ ሲሄድ ማየቴ አሁንም ሕልም ይመስለኛል። ፕላስቲኩ በነፋስ ሲርገበገብ ኢሊሊ እየሳቀች ቀረጸችው። «ማም፣ ዛት ኢዝ ማይ ሩም! ማይ ሩም ኢዝ ፓሲንግ ኤ ትራክ!» አለች፤ ክፍሏ የጭነት መኪና ቀድሞ ሲያልፍ ነበር። እንደ ሕፃን ልጅ ጮኸች። ስትናደድ ካልሆነ ድምፅዋን የምታሰማኝ ልጅ አይደለችም አሁን አሁን።

መሠረቱን ልትጠይቀኝ ነው፤ ልንገርህ። እዚህ መሬቱ በብርድ ጊዜ ይረጋና ያብጣል፤ ስለዚህ ከአንድ ሜትር በላይ ቆፍረው የኮንክሪት እግሮች አቁመውለታል። ነፋስ እንዳያነሳው በብረት ቀበቶ መሬት ላይ አስረውታል። ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ኮርኒሱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ አለው፤ ባድሩ አየውና የመንገዱ መንገጫገጭ ነው፣ በስቱኮ ይሞላል አለ። መሬቱ የእኔ አይደለም፤ በየወሩ እከፍልበታለሁ። ይህንንም አልደብቅህም። አንተም ብትሆን የመንግሥት መሬት ላይ ነህና እኩል ነን።

ቤቱ ትንሽ ነው አባዬ። ግን ጠዋት ስነሳ ከላዬ የሚረግጥ ጎረቤት የለም። ቧንቧውን መጀመሪያ ስከፍተው ሳል ሳል ብሎት አየር ተፋ፤ ከዚያ ውሃው መጣ። አራት ዓመት ለታይታ ቆሞ የኖረ ቧንቧ! እጄን ከሥሩ አድርጌ ቆየሁ። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ላይ ይሰማኛል፤ ብዙ ነው ድምፁ፣ ደስ ይላል። ቲጂ መጥታ አየችው። እያንዳንዱን ክፍል ዞራ ጨርሳ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣ፣ «የኔ እኮ ኪራይ ጨመረ» አለች። ሲመሽ ስትሄድ ግን የሻጮቹን ስልክ ቁጥር ተቀብላኝ ነው። ኢሊሊ ያንን ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ሙንጭርጭር እንዳትቀቢው ብላኛለች። ሦስተኛዋ ክፍል ባዶ ናት፤ ፀሐይ በጠዋት የሚገባው በእሷ ነው።

እማዬን ዋሽቻታለሁ። ይህንን ማቅናት አልችልም፤ እሷ የለችም። ደስ ብሏት እንደሄደች አስቤ እጽናናለሁ፣ ከዚያ በውሸት እንደሆነ አስታውሳለሁ፣ እንዲህ እየሆንኩ ነው የምኖረው። አንተ ግን አለህ። ብትቆጣ ተቆጣ። እሁድ ስልኩን ባታነሳ ይገባኛል፤ ብቻ ሁለት እሁድ አታድርገው። ፎቶውን ከግድግዳው አውርደው፤ ወይም ተወው፤ አንተው ያዳንከው ቤት ነው።

አሁን አንድ የሚቸግረኝ ነገር አለ። ሜዳው ላይ ሳለ የነበረው የእንጨት ደረጃ የመሸጫው ነው፤ ከቤቱ ጋር አልመጣም። የምንወጣው በተውሶ የብረት መሰላል ነው። በረዶ ከመጣሉ በፊት ቋሚ ደረጃ ማሠራት አለብኝ። አናጺ አግኝቻለሁ፤ ንድፍ አምጪ ብሎኛል። ከመሬት እስከ ደፉ ሰማንያ አንድ ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ። የበሩ ስፋት ዘጠና አንድ ነው። ስንት መርገጫ ይውጣው? የአንዱ ቁመት ስንት ይሁን? የእጅ መደገፊያውስ በየት በኩል? በእርሳስ ንደፈውና ናፍያድ ሲመለስ ላክልኝ። የእኔና የኢሊሊ እግር እንደሆነ ማንኛውንም ደረጃ ይወጣል። አንተ ግን ለራስህ ጉልበት በሚሆን ልክ አድርገህ ንደፈው።

ልጅህ፣
መቅሊት ሆርዶፋ
ከቤቴ፣ ሻኮፒ